የዳፍንትን ምሥጢር የፈቱት ጆርጅ ዋልድ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቶች በጀፎረው ሣር ላይ እያዘገሙ ወደየበረታቸው ይመለሳሉ፤ የመንደሩ ልጆችም ከኋላቸው ይሯሯጣሉ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ቀኑን ሙሉ እንደ እኩዮቹ ሲጫወት ውሎ፣ ልክ ዓይን ለዓይን መያዝ ሲሳነው የእናቱን ቀሚስ ሙጥኝ ማለት፣ የበሩን መቃን መሳት፣ ከፊቱ የተቀመጠለትን ምግብ በዳበሳ መፈለግ ከጀመረ፣ ሽማግሌዎች የሕመሙን ስም ለመጥራት አይቸገሩም። ዳፍንት ነው።

ስሙ የታወቀውን ያህል ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። የጥንት ግብፃውያንና ግሪኮች ጉበት ለዳፍንት ፈውስ እንደሚሆን ከልምድ ደርሰውበት ነበር። ይሁን እንጂ የሚበላ ነገር ከማየት ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚያስረዳ ሰው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አልተገኘም። ይህን ትስስር የፈቱት አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆርጅ ዋልድ ናቸው። የፈቱትም በዓይናችን ውስጥ ብርሃን ሲነካው ቅርጹን የሚቀይር፣ ጨለማ ሲሆን የሚታደስ አንድ ትንሽ ሞለኪውል በማግኘት ነው። ዛሬ ኬሚስቶች በብርሃን የሚታዘዝ ፕላስቲክ ለመሥራት የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው በዓይናችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ዘዴ ነው።

ዋልድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት የማንሃተን ምሥራቃዊ ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው ከፖላንድ፣ እናታቸው ከጀርመን ባቫሪያ የመጡ አይሁዳውያን ነበሩ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። አገሩን ትቶ በማያውቀው ከተማ በእጁ ሙያ ቤተሰብ ማቋቋም ምን እንደሚመስል ለጉራጌ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ልጁ በብሩክሊን አደጉ፤ በልጅነታቸውም ከጓደኞቻቸው ጋር ሬዲዮ ገጣጥመው የቤዝቦል ጨዋታ ያዳምጡ ነበር። አንደበተ ርቱዕ ስለነበሩም መጀመሪያ ያሰቡት ጠበቃ ለመሆን ነበር። ኋላ ወደ ሕክምና አዘነበሉ፤ በመጨረሻም በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ እንስሳትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1927 ተመረቁ።

ሕይወታቸውን የቀየረው ቀጣዩ እርምጃ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዓይንን ሥራ በቁጥርና በመለኪያ ያጠኑ ከነበሩት ከሴሊግ ሄክት ዘንድ ገቡ። ሄክት ሰው ብርሃን ለማየት ቢያንስ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስፈልገው የመረመሩ ሊቅ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ጥናት በጨለማ የሚሠራ አንድ የዓይን ሴል ለአንዲት የብርሃን ቅንጣት እንኳ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ዋልድ ከመምህራቸው መለካትን ተማሩ። የሚለካው ነገር ከምን እንደተሠራ የማወቅ ጉጉት ግን የራሳቸው ነበር። ብርሃንን የሚቀበለው ቁስ ራሱ ምንድን ነው? እርሳቸውን እንቅልፍ የነሳቸው ጥያቄ ይህ ነበር።

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ጀርመናዊው ፍራንዝ ቦል እ.ኤ.አ. በ1876 በጨለማ የቆየች እንቁራሪት የዓይኗ የውስጥ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲናዋ፣ ቀይ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም እንዳለውና ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ እንደሚደበዝዝ አይተው ነበር። በሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ቪልሄልም ኪዩን ደግሞ ቀለሙን ከሬቲና ለይተው አወጡት። ይህ ቀለም ሮዶፕሲን ይባላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ባለበት ቆመ፤ ቀለሙ በውስጡ ምን እንደያዘ የሚለይ ኬሚስትሪ ገና አልበሰለም ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1932 ዋልድ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው በነፃ የምርምር ዕድል ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። በርሊን ከኦቶ ቫርቡርግ ዘንድ አረፉ። እዚያም የእንስሳት ሬቲና ሰብስበው ቅባቱን ለዩና በጊዜው ቫይታሚን ኤን ለመለየት በሚያገለግል ኬሚካል ፈተኑት። ፈሳሹ ሰማያዊ ሆነ። ቫይታሚን ኤ በዓይን ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ግኝቱን ለማረጋገጥ ወደ ዙሪክ ተጓዙ። በዚያ የነበሩት ፓውል ካረር የቫይታሚን ኤን አሠራር ከፈቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ካሮቲን የተባለው ቀለም በሰውነት ውስጥ ተከፍሎ ቫይታሚን ኤ እንደሚሆን የታወቀውም በዚያው ዘመን ነው። ካረር የዋልድን ውጤት አረጋገጡ። ሁለት የተራራቁ ነገሮች፣ የዳፍንት በሽታና የዓይን ቀለም፣ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተገናኙ።

ከዙሪክ ቀጥሎ ወደ ሃይድልበርግ፣ ወደ ኦቶ ማየርሆፍ ቤተ ሙከራ ሄዱ። ወቅቱ በጋ ስለነበር ሰው ሁሉ ለዕረፍት ወጥቷል። በዚህ መሐል ለቤተ ሙከራው የታዘዙ 300 ያህል እንቁራሪቶች ከሃንጋሪ ደረሱ። የቤተ ሙከራው ረዳት ተቀባይ ስለሌላቸው ሊለቋቸው አሰቡ። ዋልድ ግን ለእኔ ይሁኑ አሉ። በእነዚያ እንቁራሪቶች ዓይን ላይ የሠሩት ሥራ ዘመናቸውን ሙሉ የተጓዙበትን መንገድ ከፈተላቸው።

ያዩት ነገር እንዲህ ነው። በጨለማ የቆየው ሬቲና ሐምራዊ ነው። ብርሃን ሲነካው ቢጫ ይሆናል፤ ከዚህ ቢጫ ቁስ ሌላ፣ ገና ስም ያልወጣለት ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ሬቲኒን አሉት፤ ዛሬ ሬቲናል ይባላል። ትንሽ ቆይቶ ቢጫው ይጠፋና ቫይታሚን ኤ ብቻ ይቀራል። ጨለማ ሲመለስ ሐምራዊው ቀለም እንደገና ይሠራል። ነገሩ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ዑደት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ግን ጥቂት ቫይታሚን ስለሚባክን ከምግብ መተካት አለበት። ካልተተካ ሐምራዊው ቀለም አይሞላም። ቀለሙ ካልሞላ ደግሞ ዓይን በምሽት የሚመጣውን ደካማ ብርሃን መያዝ ያቅተዋል። የዳፍንት ምሥጢር በአጭሩ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 ሂትለር የጀርመንን ሥልጣን ያዘ። ዋልድ አይሁዳዊ በመሆናቸው የምርምር ዕድሉን የሰጣቸው ድርጅት ወደ አገራቸው እንዲመለሱ አደረገ። አንድ ዓመት በቺካጎ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እስከ ጡረታቸው፣ ማለትም እስከ 1977፣ ከዚያ አልወጡም።

በሃርቫርድ የሠሩትን ሁሉ መዘርዘር ይረዝማል። ከአርሶ አደር ሕይወት ጋር የሚቀራረበው ግን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሁለት ሐኪሞች ጋር ባሳተሙት ጥናት ቫይታሚን ኤ የጎደለው ምግብ የተመገበ ሰው በጨለማ የማየት አቅሙ እየደከመ እንደሚሄድና ቫይታሚኑ ሲሰጠው እንደሚመለስ በመለኪያ አሳዩ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከተማሪያቸው ከጆን ዳውሊንግ ጋር አይጦችን በሁለት ዓይነት መንገድ መገቡ። ለአንደኛው ወገን የሰጡት የቫይታሚን ኤ አሲድ ሰውነት ለዕድገት የሚጠቀምበት፣ ዓይን ግን ወደ ሬቲናል ሊመልሰው የማይችለው ነው። አይጦቹ ጤነኛ መስለው አደጉ፤ ወፈሩ፤ ግን ቀስ በቀስ ታወሩ። መጀመሪያ የምሽቱ ዕይታ ሄደ፤ ሲቆይ ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች ራሳቸው ፈረሱ። ዳፍንት ችላ ሲባል ወዴት እንደሚያመራ ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ትልቅ ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም ነበር። ብርሃን ሮዶፕሲንን ሲነካው በትክክል የሚያደርገው ምንድን ነው? ይሰብረዋል? ያቃጥለዋል? ወይስ ሌላ ነገር?

መልሱን ያገኘችው እጅ በአመዛኙ የሩት ሃባርድ ናት። ሃባርድ እ.ኤ.አ. በ1924 በቪየና ተወልዳ፣ በ14 ዓመቷ ከናዚዎች ከወላጆቿ ጋር ሸሽታ አሜሪካ የገባች ባዮኬሚስት ናት። ከዋልድ ቤተ ሙከራ ገብታ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሬቲናል ከአንድ በላይ ቅርጽ እንዳለው፣ ከእነዚህም ሮዶፕሲንን መሥራት የሚችለው አንድ የታጠፈ ቅርጽ መሆኑን ከዋልድ ጋር አሳየች። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ከአለን ክሮፕፍ ጋር የመጨረሻውን መልስ ሰጠች። ብርሃን የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የታጠፈውን ሬቲናል ያቃናዋል። የቀረው ሁሉ፣ የቀለሙ መደብዘዝም፣ የነርቭ መልእክቱም፣ ያለ ብርሃን በራሱ ይከተላል።

ይህን ለመረዳት የበር መወርወሪያን ማሰብ ይበቃል። ሬቲናል ኦፕሲን በተባለ ትልቅ ፕሮቲን ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ጎኑን አጥፎ፣ ልክ በቦታው እንደገባ መወርወሪያ ይቀመጣል። በዚያ ቅርጹ ሳለ ፕሮቲኑ ዝም ይላል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ስትመታው ሞለኪውሉ በአንዱ ማያያዣው ላይ ዞሮ ይቃናል። የተቃናው ሞለኪውል ከተቀመጠበት ጉድጓድ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ፕሮቲኑን ይገፋዋል፤ ፕሮቲኑም ቅርጹን ይለውጣል፤ ከዚያ የሚነሳው ተከታታይ ለውጥ በነርቭ በኩል አንጎል ይደርሳል። ኋላ የተሠሩ መሣሪያዎች ይህ መዞር ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ እንደሚያልቅ አረጋግጠዋል። ሰው የሚያየው ነገር ሁሉ፣ የልጁ ፊትም የማሳው አረንጓዴም፣ የሚጀምረው ከዚህች ትንሽ መቃናት ነው።

ዋልድና ሃባርድ እ.ኤ.አ. በ1958 ተጋቡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለዋልድ፣ ለሃልዳን ሃርትላይንና ለራግናር ግራኒት ተሰጠ። የሃባርድ ስም አልነበረበትም። በዚያው ዓመት በዙሪክ የሚሰጠውን የካረር ሜዳሊያ ግን ባልና ሚስት በጋራ ተቀብለዋል። የሥራውን ቅደም ተከተል ለሚያይ ሰው የዙሪኩ ፍርድ የተሻለ ሚዛን ነበረው ማለት ያስደፍራል። ሃባርድ በሃርቫርድ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ቋሚ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ከኖቤሉ ከዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ ነው።

ዋልድ በመምህርነታቸውም ስመ ጥር ነበሩ። ሳይንስ ዋና ትምህርታቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጡት ኮርስ አዳራሽ የሚሞላ ነበር። ከኖቤሉ በኋላ ግን ድምፃቸው ከክፍል ወጣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1969 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያለ ጽሑፍ ባደረጉት ንግግር የቬትናምን ጦርነትና የኑክሌር መሣሪያን ተቃወሙ። ንግግሩ በጋዜጦች ታትሞ በመላው አገሪቱ ተሰራጨ። በዚህም የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት በጠላትነት ከመዘገባቸው ሰዎች ዝርዝር ገቡ። ብዙ የሥራ ባልደረቦቻቸው ምርምራቸውን ትተው በፖለቲካ ጊዜያቸውን አባከኑ ብለው ቢወቅሷቸውም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ከዚህ መንገድ አልተመለሱም።

ግኝታቸው ወደ ጉራጌ ምድር የሚመጣው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር የምግብ ገበታ ነው። ቆጮ ሆድን የሚሞላ፣ በድርቅ ጊዜ ሕዝብን ያሻገረ ምግብ ነው፤ ቫይታሚን ኤ ግን ከእርሱ አይገኝም። ስለዚህ ከቆጮው ጎን የሚቀርበው ነገር የልጁን ዓይን ይወስናል። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎና ፓፓያ ካሮቲን አላቸው፤ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተትና ጉበት ደግሞ የተዘጋጀውን ቫይታሚን ይዘዋል። ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ ስለማይዋሃድ በቅቤ የተለወሰው የጉራጌ ጎመን ክትፎ፣ ማንም ኬሚስት ሳያዝዘው፣ ትክክለኛውን ቅንብር ይዞ ቆይቷል። ችግሩ ቅቤው ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ገበያ ሲወጣ፣ እንቁላሉም ሲሸጥ፣ ለልጁ ቆጮው ብቻ የቀረ ጊዜ ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍል ለአርሶ አደሮች የተሠራጨው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንችም የመጣው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጡት የቫይታሚን ኤ ጠብታ በዋልድ ዑደት ውስጥ የሚባክነውን የሚተካ ነው። ጉበት ቫይታሚኑን ስለሚያጠራቅም አንዱ ጠብታ ለወራት ይበቃል። ጉድለቱ ቢቀጥል ዳፍንት የመጀመሪያው ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ የዓይን መድረቅ፣ ቀጥሎም የዓይን ብሌን መቁሰልና ፈጽሞ የማይመለስ ዓይነ ሥውርነት ይከተላል፤ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ሲሆን ደግሞ ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። በቡታጅራ የግራርቤት የዓይን ሕክምና ሲታገለው ከኖረው ከትራኮማ የሚለየውም በዚህ ነው። ትራኮማ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው፤ የውኃና የንጽሕና ጉዳይ ነው። ዳፍንት ግን አይተላለፍም። በምሽት የሚደናቀፍ ልጅ ያላት እናት በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ከወሰደችው ዕይታው በቀናት ውስጥ መመለስ ይጀምራል።

ሁለተኛው በር ለጊዜው ጠባብ ነው፤ በከተማው መነጽር ቤት በኩል ያልፋል። ፀሐይ ላይ ሲወጡ የሚጠቁረው፣ ቤት ሲገቡ የሚነጣው የፕላስቲክ መነጽር በውስጡ እንደ ሬቲናል ያሉ፣ በብርሃን ቅርጻቸውን የሚቀይሩ ሞለኪውሎች አሉት። ፕላስቲክ ራሱ ፖሊመር ነው፤ ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጀሪካን ፖሊመር ነው፤ ከእንሰት የሚፋቀው ቃጫም ተፈጥሮ የሠራችው ፖሊመር ነው። ኬሚስቶች ወደዚህ ሰንሰለት አዞቤንዚን የተባለ ሞለኪውል ያስገባሉ። ይህ ሞለኪውል በብርሃን እንደሚታጠፍ እንግሊዛዊው ሃርትሊ እ.ኤ.አ. በ1937 ደርሰውበት ነበር። የሚያደርገው የሬቲናልን ተቃራኒ ነው፤ ቀጥ ብሎ የኖረው ብርሃን ሲያገኝ ይታጠፋል፤ ሌላ ቀለም ያለው ብርሃን ሲበራበት ይቃናል። አንዱ ሞለኪውል ሲታጠፍ ለውጡ አይታይም፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩት በአንድነት ሲታጠፉ ግን ሙሉው ስስ ፕላስቲክ ይታጠፋል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የብርሃኑን አቅጣጫ በመለወጥ ብቻ አንዱን ቁራጭ ወደፈለጉት ጎን ሲያጥፉት አሳይተዋል፤ ሽቦም ሞተርም አልነበረውም።

ዋልድ ይህን ሁሉ አላዩም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1997 በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ከተማ በ90 ዓመታቸው አረፉ። ሩት ሃባርድ እስከ መስከረም 2016 መግቢያ ኖራለች። ከሞተች ከአንድ ወር በኋላ የዚያ ዓመት የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ሞለኪውሎችን እንደ ማሽን ላሠሩ ሦስት ሳይንቲስቶች ተሰጠ። ከእነርሱ አንዱ ሆላንዳዊው ቤን ፌሪንጋ የተሸለሙበት ሞተር ብርሃን ሲያገኝ በሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል ባለ አንድ ጥምር ማያያዣ ላይ ይዞራል፤ በ1958 ሃባርድና ክሮፕፍ በሬቲናል ውስጥ ሲዞር ያገኙት ማያያዣም እንደዚሁ በሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል ያለ ነበር።